ፈረሱ መጣ፤ ልጓሙስ? ስለ ወፍጮ፣ ስለ ሞተር እና ስለ ፍጥነት ታሪካችን

የኢትዮጵያን የኤሌክትሪክ ታሪክ ስንተርክ ከግድብ ጀምረን በግድብ እንጨርሳለን። አባ ሳሙኤል፣ ቆቃ፣ ፊንጫ፣ ተከዜ፣ ጊቤ፣ ዓባይ። መለኪያችን ሜጋ ዋት ነው። ኩራታችንም ቅሬታችንም «ስንት አመነጨን?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በሽቦው ማዶ ጫፍ፣ ኃይሉ ሥራ በሚሆንበት ቦታ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ አምፖል አለ፣ ምጣድ አለ፣ ሞተር አለ። አምፖል ሌሊቱን ይለውጣል። የሰውን ጉልበት የሚተካው ግን ሞተር ነው። በዓለም ላይ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚበላውም ሞተር ነው፤ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ማራገቢያ፣ አሳንሰር፣ ባቡር፣ ፍሪጅ።

የሞተርን ኃይል በፈረስ ጉልበት መለካት ልማዳችን ነው። ቃሉ ከተነሳ አይቀር አንድ ጥያቄ ያስከትላል፦ ፈረሱን ማን ይገራዋል? መቶ ዓመት በላይ በሆነው የኤሌክትሪክ ታሪካችን ውስጥ አገራችን የገባው ሞተር አብዛኛው ልጓም የሌለው ፈረስ ነበር። ወይ ይቆማል፣ ወይ በሙሉ ኃይሉ ይጋልባል። ልጓሙ የተሠራው ዘግይቶ ነው። ወደ እኛ ሲመጣም በትልልቆቹ በሮች ገብቶ ከትንንሾቹ ደጃፍ ገና አልደረሰም። የዛሬው ጽሑፌ የዚህ ልጓም ታሪክ ነው።

ከጥያ ሲታይ

የጥያን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው በትክል ድንጋዮቿ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው ስፍራ 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ በብዙዎቹም ላይ የሰይፍ ምስል ይታያል። ጎብኚው ከአዲስ አበባ መጥቶ ድንጋዮቹን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ግን ጥያ የኤሌክትሪክ ታሪካችንንም ለማየት የምትመች ቦታ ናት።

ከጥያ ወደ ሰሜን ስትመለሱ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ትሻገራላችሁ። ያ ውኃ ወርዶ ወርዶ ቆቃ ይደርሳል፤ የአገራችን የመጀመሪያው ትልቅ የኃይል ማመንጫ ግድብ ወደተሠራበት። ከጉራጌ ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤና ኦሞ ይሄዳል፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ ሦስት ያለው በዚያ መስመር ነው። ወደ ምሥራቅ ደግሞ የመቂ ወንዝ ከእነዚሁ ተራሮች ተነስቶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ በመንገዱም ሆነ በሐይቁ ዳር ስፍር ቁጥር የሌለው የመስኖ ፓምፕ ይጠብቀዋል። የጥያ መንገድ ራሱ ወደ ደቡብ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ያደርሳል። ሶዶ ላይ ምን እንዳለ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ይህ አገር የሁለት ዘመን ኃይል ማመንጫ ወንዞች በሚገናኙበት ጀርባ ላይ የተቀመጠ ነው። የአዋሽ ዘመን በአንድ በኩል፣ የጊቤ ዘመን በሌላ በኩል። ታዲያ ከግድብ ያልጀመረ ታሪክ ከዚህ ቢጀምር ምን ይላል? ከወፍጮ ይጀምራል።

ከመጅ እስከ ናፍጣ

ከሞተር በፊት ፈረሱ ሴት ነበረች። ወፍጮና መጅ፣ ጉልበትና ወገብ። ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ የሚሆን እህል በእጅ መፍጨት በየቀኑ ሰዓታት ይወስድ ነበር። የነገሥታቱ ጦር ሲዘምት ከሠራዊቱ ኋላ ወፍጮ ተሸክመው የሚጓዙ ሴቶች ነበሩ፤ ያለ እነርሱ ዘመቻ አይታሰብም። የዓድዋ ድል ስንቅም በእጅ የተፈጨ ነው። በታሪክ መጻሕፍታችን የጦር መሪዎች ስም በገጽ በገጽ ሲሰፍር፣ የፈጪዎቹ ጉልበት ግን ከአንድ አንቀጽ አያልፍም።

በጉራጌ ይህ ድካም ሌላ ገጽታም አለው፤ እንሰት መፋቅ። እንሰት ለቆጮ የሚደርሰው ሴቶች ተቀምጠው፣ ግንዱን ከሰሌዳ ላይ አስደግፈው፣ በእግራቸው ይዘው፣ በእጃቸው ሲፍቁት ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የምርምር ተቋማት የሚፍቅና የሚጨምቅ ማሽን ሠርተው አሳይተዋል። በአብዛኛው ጓሮ ግን ሥራው ዛሬም የእጅ ሥራ ነው።

የእህሉን ሸክም ያቀለለው መጀመሪያ የናፍጣ ሞተር ነው። በተለይ በደርግ ዘመን የገበሬዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወፍጮ ቤት ማቋቋም አንዱ ዋና ሥራቸው ነበር። የናፍጣ ወፍጮ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ሞተሩ በቺንጋ ወፍጮውን ያዞራል፤ ባለ ወፍጮው የነዳጅ መስጫውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ፍጥነቱን ይገዛዋል። ይህን ያዙልኝ። የናፍጣ ሞተር ጭሱ ቢከፋም፣ ናፍጣው ቢጠፋም፣ ልጓሙ በባለቤቱ እጅ ነበር።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ሞተር መጣ፤ የአገሬው ሰው «ዲናሞ» የሚለው። ንጹሕ ነው፣ ብዙ አይጮህም፣ በርሜል ናፍጣ ፍለጋ አያንከራትትም። ማብሪያውን ስትነካው ይነሳል። ፍጥነቱ ግን ከወፍጮ ቤቱ ውጭ ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ ነው። ለምን?

50 የምትባል ቁጥር

ኤሲ ሞተርና አዲስ አበባ እኩዮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስ በቶሪኖ የሚሽከረከር መግነጢሳዊ መስክ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ኒኮላ ቴስላ በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ በእኛ 1880 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዓመቱ ሩሲያዊው ሚኻይል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ጀርመን አገር ሆኖ ባለ ሦስት ፌዙን ሞተር ሠራ። ዛሬ በየወፍጮ ቤቱ ያለው ዲናሞ የዚያ ሞተር ቀጥተኛ ልጅ ነው። ቅርጹ እንኳ ብዙ አልተለወጠም።

ይህ ሞተር ጠንካራነቱ ከቀላልነቱ ነው። የሚሽከረከረው ክፍል ከውጭ ምንም ሽቦ አይነካውም፤ የሚበላው ተሸከርካሪ ኳሱን፣ ማለት ኩሽኔታውን ነው። ግን አንድ ባሕርይ አለው። ፍጥነቱን የሚወስነው የሚገባው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል የሚለው ነው። በእኛ አገር 50 ጊዜ ነው። አሜሪካ 60 መረጠች፣ አውሮፓ 50 መረጠች፤ እኛም ዕቃውን ከአውሮፓ ስናስመጣ ቁጥሩን አብረን ተቀበልን። በ50 ምልልስ ባለ አራት ዋልታ ሞተር መስኩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩ ራሱ ጭነት ሲኖርበት ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ 1,450 ገደማ ይዞራል። ባለ ሁለት ዋልታው ወደ 3,000 ይጠጋል። ሌላ ምርጫ የለም። የዓባይ ግድብ ተርባይን የሚያመነጨውና የጥያ ዲናሞ የሚቀበለው በአንድ የልብ ምት የታሰረ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መብራት በመጣ ጄኔሬተር ነው። ቀጥሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1932 መጣ፤ አቅሙ ከ6 ሜጋ ዋት ትንሽ የሚበልጥ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ ተመረቀ፤ 43 ሜጋ ዋት። እስኪ የተቋሙን ስም ልብ በሉት፤ «መብራት» ይቀድማል፣ «ኃይል» ይከተላል። ሕዝቡም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ነው የሚለው። ሲጠፋም «መብራት ጠፋ» እንላለን፤ ወፍጮው ቆሞም ቢሆን «መብራት ጠፋ» ነው። ከስሙ ጀምሮ የሞተሩን ነገር ሁለተኛ አድርገነዋል።

ቢሆንም ፋብሪካዎች ተተከሉ። የወንጂ ስኳር፣ የአቃቂና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች፤ ሁሉም በሞተር የቆሙ ናቸው። የፍጥነቱን ችግር እንዴት ተወጡት? በዘመኑ ዓለም ሁሉ በሚወጣበት መንገድ፤ በማርሽ፣ በቺንጋና በፑሊ። ፍጥነት መቀነስ ያስፈለገው ትልቅ ፑሊ ይገጥማል። ውኃ መቀነስ ያስፈለገው ፓምፑን በሙሉ ኃይሉ እያስሮጠ ቫልቩን ግማሽ ይዘጋዋል። አየር መቀነስ ያስፈለገው ማራገቢያውን እያስሮጠ በሩን ይገፋበታል። ይህ ማለት ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን መያዝ ነው። በአገራችን ብዙ ፓምፕ ዛሬም የሚሠራው እንዲህ ነው።

ልጓሙ እንዴት ተሠራ

የሞተርን ፍጥነት የመግዛት ጥያቄ የሞተሩን ያህል ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ዋርድ ሌናርድ የተባለ አሜሪካዊ አንድ መላ አመጣ። አንድ ሞተር ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ቀጥተኛ ጅረት አመንጭቶ ሌላ ሞተር ያዞራል፤ የጄኔሬተሩን ጉልበት በመቀያየር የመጨረሻው ሞተር ፍጥነት ይገዛል። ይሠራል፤ አሳንሰሮችና የማዕድን ጉድጓድ ማንሻዎች ለአሥርተ ዓመታት በዚህ ኖረዋል። ግን አንዱን ፈረስ ለመግራት ሁለት ሌሎች ፈረሶች መቀለብ ማለት ነው። የሚችለው ሀብታም ብቻ ነበር።

መፍትሔው ከሜካኒክ ሳይሆን ከኤሌክትሮኒክስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1957 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ታይሪስተር የሚባል፣ ትልቅ ጅረት የሚከፍት ጠጣር ማብሪያ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1964 የብራውን ቦቬሪ መሐንዲሶች ቀጥተኛ ጅረትን በፍጥነት እየቆራረጡ የፈለጉትን ምልልስ ያለው ኤሲ ማስመሰል እንደሚቻል ጽፈው አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1968 የዴንማርኩ ዳንፎስ በፋብሪካ ደረጃ በብዛት የሚመረት መቆጣጠሪያ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተው የሄልሲንኪ የምድር ባቡር በዚሁ ዘዴ በሚገዙ ኤሲ ሞተሮች ሄደ። ከዚያ በኋላ የተሻለ ትራንዚስተርና ርካሽ ማይክሮፕሮሰሰር ሲመጣ፣ ክፍል ሙሉ የነበረው ማሽን የጫማ ካርቶን አከለ።

ባለሙያዎች «ቪኤፍዲ» ወይም «ድራይቭ» ይሉታል። ፍሪጅ ሻጮች «ኢንቨርተር» ይሉታል፤ አዲስ ፍሪጅ በር ላይ የተለጠፈችው ቃል ይህችው ናት። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከመስመሩ የመጣውን ኤሲ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጠዋል። ቀጥሎ በካፓሲተር ያጠራቅመዋል። በመጨረሻ ስድስት ማብሪያዎች በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ አዲስ ባለ ሦስት ፌዝ ይሠሩለታል፤ ይህኛው ግን በ50 አይታሰርም። 10 ብትሉት 10፣ 35 ብትሉት 35፣ አንዳንዴም 60 ይሆናል። ያው የዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ሞተር፣ ሳይነካ ሳይቀየር፣ ልጓም ገባለት።

ጥቅሙ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፣ አነሳሱ። ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ ጅረት ይስባል። ወፍጮ ቤት አጠገብ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ዲናሞው ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ድክም ይላል። ድራይቭ ሞተሩን ከዜሮ ጀምሮ እያለማመደ ያነሳዋል፤ መስመሩም ጎረቤቱም አይደነግጥም።

ሁለተኛ፣ ፍጆታው። ለፓምፕና ለማራገቢያ አንድ የፊዚክስ ሕግ አለ፤ የሚፈልጉት ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ይሄዳል። ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ብታወርዱት ኃይሉ ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። በግማሽ ፍጥነት የሚፈለገው ኃይል አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ይህ ስሌት በንጹሕ መልኩ የሚሠራው ውኃ በቧንቧ ለሚያዘዋውር ፓምፕ ነው። ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ ለሚያወጣ ፓምፕ ቁጠባው ያነሰ ነው፤ ከፍታውን መሸከም አይቀርለትምና።

ሦስተኛ፣ ፌዙ። ብዙ ትንንሽ ድራይቮች ባለ አንድ ፌዝ መስመር ተቀብለው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያዞራሉ። ሦስት ፌዝ ያልገባለት የእንጨት ወይም የብረት ሥራ ቤት ጠንካራውን ሞተር መጠቀም ይችላል ማለት ነው። ከፀሐይ ሰሌዳም በቀጥታ ተቀብሎ ፓምፕ የሚያዞር ዓይነት አለ።

በትልቁ በር የገባው

ይህ ልጓም ኢትዮጵያ የገባው በድምቀት ነው፤ ስሙን ግን ማንም አልጠራውም።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ 85 በመቶው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሸፈነ፣ 41 ባቡሮች ያሉት። ባቡሩ ያለ ጩኸትና ያለ ንቅናቄ የሚነሳው፣ ጣቢያ ሲደርስ ለስለስ ብሎ የሚቆመው ሞተሮቹን የሚገዛ ድራይቭ ስላለ ነው። በዓመቱ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። አሮጌው የፈረንሳዮች ባቡር ድሬዳዋ ደርሶ አዲስ አበባ እስኪገባ 15 ዓመት ገደማ ፈጅቶበት ነበር፤ መጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ነበር የሚሄደው። አዲሱ ከሽቦ 25,000 ቮልት በ50 ምልልስ ይቀበላል፤ የጭነት ሎኮሞቲቩ ግን 50ን ውስጡ አፍርሶ፣ ሞተሮቹ ለዳገትና ለቁልቁለት የሚፈልጉትን ምልልስ እንደገና ይሠራል።

አሁን ወደ ወላይታ ሶዶ ልመለስ። ከሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ይሸጥበታል። መስመሩ ኤሲ አይደለም። ሶዶ ላይ የእኛ ኤሲ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለወጣል፤ ሱስዋ ላይ ተመልሶ ኤሲ ይሆናል። በጫማ ካርቶን መጠን ያለው ድራይቭ የሚሠራውን ሥራ ሰፈር በሚያክል ግቢ የሚሠራ ጣቢያ ነው። ማለትም ጥያን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ጫፉ ላይ የዚህ ቴክኖሎጂ ግዙፉ ወንድም ቆሟል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ድራይቭ አለ። ባለ ወፍጮው ያላገኘውን ልጓም ባለ መኪናው ሳያውቀው ገዝቶታል።

ከትልቁ በር ታሪክ ግን አንድ መራራ ትምህርት አለ። የቀላል ባቡሩ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ከግማሽ በላይ ቆመው፣ ከተማዋ በጥቂቶች ብቻ የተጓጓዘችበት ጊዜ መጥቷል። ልጓም ገዝቶ ልጓም የሚሠራ ሰው አለማዘጋጀት መጨረሻው ይኸው ነው። አሮጌው ዲናሞ ሲቃጠል በየከተማው የሚጠቀልለው ባለሙያ አለ። ድራይቭ ሲቃጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው ምናለሽ ተራ ነው፤ ያውም ለብረቱ።

ለምን ወፍጮ ቤት አልደረሰም?

ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ድራይቭ ሙሉ በሙሉ የውጭ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የማንኛውም የውጭ ዕቃ ዋጋ አብሮ ዘለለ። በሌላ በኩል ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። ኤሌክትሪክ እጅግ ርካሽ በነበረበት ዘመን ቆጣቢ መሣሪያ የሚገዛ አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ ሲወደድ ደግሞ መሣሪያው አብሮ ተወደደ። በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ተኝተንበታል።

ሁለተኛው የቦታው ጠባይ ነው። ድራይቭ ሙቀትና አቧራ አይወድም። የዱቄት ብናኝ ማቀዝቀዣውን ይደፍነዋል። መስመሩ ከፍ ዝቅ ሲል ካፓሲተሩ ይጎዳል። በወጉ የተከለለና መሬት የተቀበረ ገመድ ከሌለው ዕድሜው አጭር ነው። በሐቀኝነት ለመናገር፣ ለእህል ወፍጮ ድራይቭ ትልቅ የኤሌክትሪክ ቁጠባ አያመጣም። ወፍጮ ሙሉ ፍጥነቱን ይፈልጋል፤ ካልሆነ ዱቄቱ አይልምም። ለወፍጮ የሚጠቅመው አነሳሱን በማለስለስና አንድ ፌዝ ሲጠፋ ዲናሞው ሳይቃጠል በማስቆም ነው፤ ይህን ደግሞ ስታር ዴልታ ማስነሻና የፌዝ መከላከያ በብዙ ባነሰ ዋጋ በከፊል ይሠሩታል። ስለዚህ «ሁሉም ወፍጮ ድራይቭ ይግጠም» የሚል ነጋዴ ቢመጣ አትስሙት። ድራይቭ ዋጋውን የሚመልሰው በመስኖና በከተማ ውኃ ፓምፕ፣ በማራገቢያ፣ በማድረቂያ፣ በእንጨትና በብረት ሥራ ቤት ነው። እንሰት የሚፍቅና የሚጨምቅ ማሽን በስፋት ቢገባ፣ ፍጥነቱን እንደ ግንዱ ልምላሜ መቀያየር ስለሚጠይቅ፣ ቦታው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱ የሚከፋው ነው፤ አለመቁጠራችን። የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ስንል ስንት ቤት ቆጣሪ ገባለት ማለታችን ነው። ሦስት ፌዝ ጠይቆ «ትራንስፎርመሩ አቅም የለውም» ተብሎ የተመለሰ ባለ ሙያ በየትኛው ሪፖርት ይገኛል? በቮልቴጅ መውረድ የተቃጠለ ዲናሞስ የማን ኪሳራ ሆኖ ተመዘገበ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኃይል ቁጠባን የመንግሥት ሥራ አድርጎታል። ሕጉ አለ፤ ወደ ሞተሩ ግን ገና አልወረደም።

«ግማሽ ያህሉ ሕዝብ በጨለማ እያደረ ስለ ሞተር ፍጥነት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። በቫልቭ ታንቆ የሚባክን እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ለአንድ ጨለማ ቤት ሊደርስ ይችል የነበረ ነው። 7.5 ኪሎ ዋት የሆነ የማዘዋወሪያ ፓምፕ በ80 በመቶ ፍጥነት ቢሠራ፣ በስሌቱ መሠረት በሰዓት 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል፤ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 36 ይሆናል። ይህ ለብዙ የገጠር ቤቶች የቀን ፍጆታ ይበቃል። ያልባከነ ኃይል ግድብ አይጠይቅም፣ ብድርም አይጠይቅም።

ልጓም ለውኃውም

ደስታውን የሚያቀዘቅዝ አንድ ነገር ግን መጨመር አለብኝ። ፓምፕ ሲቀልና ሲረክስ ውኃው ነፃ መስሎ ይታያል። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ናፍጣ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ማቆሚያው የፀሐይ መጥለቅ ብቻ ይሆናል። የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ገና አልራቀም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ለመስኖና ለከተሞች ያለ ልክ የተሳበው ውኃ ነው። ከዓመታት በኋላ ውኃ መመለሱ ዕድል ነው፤ ሁልጊዜ አይገኝም። የአብጃታ ሐይቅ እየሸሸ ያለውም ከላዩ በሚሳበው ውኃ ጭምር ነው። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች የሚወርድ ነውና ጉዳዩ የቡታጅራም የመስቃንም የሶዶም ጉዳይ ነው። ሞተሩን የሚገራ መሣሪያ ስናስገባ ሳቢውንም የሚገራ ቆጣሪ አብሮ መግባት አለበት።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤ አራት ነው።

አንድ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሪፖርት ሲያወጣ የቤት ቆጣሪ ብቻ ሳይሆን ስንት ወፍጮ፣ ስንት ፓምፕ፣ ስንት ሥራ ቤት ሦስት ፌዝ እንዳገኘ ይቁጠር።

ሁለት፣ ድራይቭ በጉምሩክ እንደ ቅንጦት ኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን እንደ መስኖና እንደ ማምረቻ መሣሪያ ይታይ።

ሦስት፣ የቡታጅራና የወልቂጤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዲናሞ መጠቅለል ከሚያስተምሩበት ጎን ድራይቭ መጠገን ያስተምሩ። የተቃጠለ ካፓሲተርና ማብሪያ መቀየር የሮኬት ሥራ አይደለም፤ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆቻችን ከዚያ የረቀቀውን እየሠሩ ነው።

አራት፣ ፓምፕ ባለበት ሁሉ የውኃ ቆጣሪ ይኑር፤ ኮታውንም ራሳቸው የውኃ ተጠቃሚ ማኅበራት ይወስኑት።

ሁሉም ከላይ እስኪወርድ መጠበቅም የለብንም። የጉራጌ ሕዝብ መንገድ እስኪሠራለት አልጠበቀም፤ ከኪሱ አዋጥቶ አሠርቷል። ያው የመዋጮ ባህል ለአንድ ቀበሌ የጋራ ፓምፕ፣ ለአንድ የሴቶች ማኅበር የእንሰት ማሽን፣ ለአንድ መንደር ሥራ ቤቶች የጋራ ትራንስፎርመር ሊውል የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። መያዝም ይገባናል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ቁጥር ልንጠይቅ ይገባል፦ ከዚያ ኃይል ስንቱ ወደ ሥራ ተቀየረ? ስንት ወገብ ተቃና? እንሰት የምትፍቀዋ ሴት እጇን ያሳረፈችበት ቀን ስንት ሆነ? እናንተ ባላችሁበት ከተማ ወፍጮው፣ ፓምፑ፣ ሥራ ቤቱ በምን እንደሚሠራ፣ ሦስት ፌዝ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደወሰደ ከታች ጻፉልን። ቁጥሩን የሚሰበስብ ቢሮ እስኪገኝ እኛው እንጀምረው።